የዳኛው መርፌ

እሑድ፣ ኅዳር 18 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ኮልፌ

የልጅ ልጄ ተፈራ ዛሬ በጡንቻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ጡንቻ የሚያሳብጥ መድኃኒት የወሰደ አይወዳደርምና ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሽማግሌ ዋስ ሆኖ ይምላል። የሚያስምለው ዳኛ ደግሞ በየሳምንቱ ቤቴ እየመጣ ተፈራን መርፌ የሚወጋው አሠልጣኙ ነው!

ወንጌሉን ዘርግቶ «አባባ፣ ልጁ መድኃኒት ይወስዳል?» አለኝ።

«አንተው እየወጋኸው እኔን ትጠይቀኛለህ?» አልኩት።

ሰዉ አውካካ። እሱም «የእኒህ ሰውዬ ነገር!» ብሎ እየሳቀ፣ ሳያስምለኝ አሳለፈው።

ቤት ስንገባ የተፈራን ዓይን አየሁት፤ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። «ልጄ፣ ይህ መርፌ ይገድልሃል፤ በእናትህ ተወው» ብዬ ለመንኩት። ዋንጫውን እንዳቀፈ ሳቀ። «አባባ ደግሞ! ዛሬስ ቀልድ አበዙ» አለኝ።

ዕድሜ ልኬን ሳሾፍ ኖሬ፣ አሁን ለቁም ነገር የሚሆን ፊት ከየት ላምጣ?