እኔው ያስቀመጥኩት ስብ

እማዬዋ፣ አላህ ቀብርሽን ኑር ያድርግልሽ። ከተለየሽን ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን ገባ። ሐይቁ እንዳለ ነው፤ ቤቱ ግን ተለውጧል። ጅዳ ያለው ወንድሜ ጣሪያውን አሳድሶታል። በተረፈው ቆርቆሮ ደግሞ እህትሽ፣ አክስቴ ሮቂያ፣ ከእትዬ ፋጡማ ግቢ ጋር የምንገናኝባትን የአጥር ቀዳዳ አስደፈነቻት። አንቺ በቀን ስንቴ ትሾልኪባት እንደነበር እሷም ታውቃለች።

በሞትሽ ዋዜማ ፋጡማ የዓሣ ወጥ አምጥታልሽ ነበር። ሐኪሙ ልቧ ነው ቢልም አክስቴ አልተዋጠላትም። “ማታ ከእሷ እጅ በላች፤ ጠዋት የለችም” ትላለች። ለቅሶ የመጣው ሰው ሰምቶ ወሬ ቀየረ። ማንንም አላመንኩም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ፋጡማንም አላመንኳትም፤ እንባዋ በዛብኝ። “ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር” እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። ገበያ ላይ ጨርቅ ስትገዢ ከላይ የሚታየውን ትተሽ ከታጠፈው ውስጥ ትስቢና ወደ ፀሐይ ታነሺው ነበር። ምግብ ከጎረቤት ሲመጣልሽም ያመጣው ሰው ሳይቀምስልሽ አትበዪም። እህትሽን እንኳ ታስቀምሻት ነበር።

ሥራዬንም መቼም አላመንሽው። ሰው ቅቤ ይንጣል፣ የእኔ ልጅ ቅቤ ስታይ ትውላለች እያልሽ ታሚኝ ነበር። ብዙም አልተሳሳትሽም። የሰውነታችን ሕዋሳት በስስ የስብ ሽፋን የተከበቡ ናቸው፤ በሽፋኑ ላይ በር የሚሆኑ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል። ስቡ ሲነካው በሩ ይጥበቅ ይላላ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ኮምፒውተር ውስጥ አስመስለን እንሠራውና እንቅስቃሴውን እንከታተላለን። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ከልብ ሕዋሳት በሮች አንዱን መረጥኩ። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም፤ አንቺ ግን ታውቂዋለሽ።

ኮምፒውተሩ ላይ አንድ የስብ ቅንጣት በሩ ጎን ካለች ጎድጓዳ ቦታ ተቀምጦ አልወጣ አለ። በሩም ተዘግቶ ቀረ። እንዲህ ያለ በር ሲዘጋ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ደሴ፣ ቢሮዬ ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። አገኘሁት አልኩ፤ የገደለሽን አገኘሁት። ላፕቶፔን ይዤ ሐይቅ ወዳለው ቤታችን ልወርድ፣ ምስሉን ለአክስቴ አሳይቼ ያን ቆርቆሮ ላስነቅላት አሰብኩ።

ግን የአንቺ ልጅ ነኝና በጣም ደስ ያለኝን ነገር እጠረጥራለሁ። ወደ መጀመሪያው ተመልሼ ሳየው፣ ስቡን ጎድጓዳዋ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ሲጀመር እዚያ ነበር፤ ሲያልቅም እዚያው ተገኘ። ያስኬድኩትም ለአጭር ጊዜ ስለሆነ መውጫ ፋታ አላገኘም። እንደገና ስቦቹን ከሩቅ በትኜ፣ ጊዜውንም አርዝሜ ደጋግሜ ሠራሁት። አንዳንዱ በአጠገቧ አለፈ፣ አንዳንዱ ገብቶ ወጣ። እንደዚያ አጥብቆ የተቀመጠ አላገኘሁም። ቢቀመጥስ ኖሮ? የኮምፒውተር ምስል ያንቺን ሌሊት ከየት ያውቀዋል።

ያን ጊዜ አክስቴ ትዝ አለችኝ። እሷም ፋጡማን መጀመሪያ ላይ አስቀምጣ፣ መጨረሻ ላይ ፋጡማን አገኘች። እኔም እንባዋ የበዛብኝ ከዚያው ተነስቼ ነው።

ትናንት ከደሴ ወርጄ ለማፍጠሪያ ፋጡማ ቤት ሄድኩ። ቀዳዳችን ስለተደፈነች በመንገድ ዞሬ ነው። ለአክስቴ የት እንደምሄድ ነግሬያት ወጣሁ፤ ተቆጣች፣ ኋላም አለቀሰች። ፋጡማ ከስታለች። ተምር ሰጠችኝ፤ ቀጥላ የዓሣ ወጥ አቀረበች፣ ያንኑ ዓይነት። ታጥቤ ተቀመጥኩና እጄ አልነሳ አለ። አየችው።

“ቀድሜ ልቅመስልሽ፣ ልጄ?” አለችኝ።

እማዬ፣ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። አይሆንም አልኳትና ቢስሚላህ ብዬ ጎረስኩ። ጨው በዝቶበታል፤ አንቺም ሁልጊዜ ትነግሪያት ነበር። ይኸው ዛሬ በሰላም ነቅቼ እጽፍልሻለሁ። ምን እንደገደለሽ አላውቅም፤ ሳላውቀው ልሞትም እችላለሁ። ቆርቆሮውን ነገ እነቅለዋለሁ፣ አክስቴም ብትቀየመኝ ትቀየመኝ።

አንድ ነገር ግን እስካለሁ አስታውስልሻለሁ። ያን ምሽት ፋጡማ ወጡን ይዛ ስትገባ አጠገብሽ ነበርኩ። እህትሽን ሳይቀር የምታስቀምሺው አንቺ፣ እሷን ቅመሺልኝ አላልሻትም።