ዘጠኝ ጊዜ መቶ አርባ

ጥቅምት 5
የአራተኛ ክፍሎቼን ደብተር ሳርም ዋልኩ። አንዷ የሳምንቱን የቤት ሥራ በአንድ ጠዋት ሠርታ አምጥታለች። አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ ጥድፊያ። አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሬ ይሄ ይጠፋኛል? ሁልጊዜ የምለውን አልኳት፦ ያልሠራሽውን ባዶ ተይው፣ ባዶ አያስቆጣኝም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ልጁን በብብቱ ይዞ አቁሞታል። ዘጠኝ ወሩ ነው። እግሮቹን ገትሮ ቀጥ! አባቱ "ሻለቃ፣ ተጠንቀቅ!" ይለዋል፣ እኔ አጨበጭባለሁ። ቶሎ ሊሄድልን ነው... ግን ለምን አይቀመጥም? ጡጫውስ ለምን አይፈታም?

ጥቅምት 12
አንዲት ፊዚዮቴራፒስት ጋ ወሰድነው። አባቱ በኩራት አቆመላት። አልሳቀችም። ይሄ መቆም ሳይሆን መገተር ነው አለች። ሲወለድ አንጎሉ ተጎድቷል፣ ጡንቻውን ዘና በል ብሎ አያዘውም። ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። እግሩን በየቀኑ እንዴት እንደማፍታታለት አሳየችኝ።

ወሩን ጠብቆ የመጣ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል የሆነ ልጅ! ሲወለድ አላለቀሰም፣ ጠቁሮ ነበር። ኦክስጅን ሰጡት፣ አንቀጠቀጠው፣ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። ከዚያ "ደህና ነው፣ ውሰዱት"።

እኛም ወስደን ስናጨበጭብለት ከረምን። ራሴን በጥፊ ማጮል አማረኝ።

ጥቅምት 13
አማቴ ሰሙ። ለልጃቸው "ያኔውኑ ብዬህ ነበር፤ አላማጠችም" አሉት። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በወለድኩ ቀን አዋላጇ ናት እንዲህ ብላ የነገረቻቸው።

ያን ቀን ምጥ ክፍል ውስጥ ከምሳ በኋላ ብቻዬን ጣሪያ ሳይ ዋልኩ። ስጣራ አዋላጇ ከበር ላይ "ገና ነሽ" ብላኝ ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ ግፊ ሲሉኝ ግን... አቅም አልነበረኝም። እውነት አላማጥኩም ይሆን? አዎ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ጥቅምት 20
ካርዴን ልይ ብዬ የወለድኩበት ሆስፒታል መዝገብ ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ይሄ ሰውዬ ስብሰባ ውስጥ ነው እንዴ የተወለደው?

ጥቅምት 24
ኮፒውን አገኘሁ። የምጥ መከታተያ ይሉታል። የልጁን የልብ ምት በየግማሽ ሰዓቱ ማድመጥና መጻፍ ነው። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ፣ ዘጠኝ ጊዜ። 140። 140። 140። ዘጠኙም 140! በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዘንበል፣ በአንድ ትንፋሽ። ከታች፦ "እናት አልተባበረችም"።

ሆዴን የነካኝ ሰው የለም እኮ።

ይሄን ዓይነት ጽሕፈት አውቀዋለሁ። የሰኞ ጠዋት የቤት ሥራ ነው።

ጥቅምት 26
ባለቤቴ ተይው ይላል። ወረቀት ልጁን አያድንልንም ይላል። ልክ ነው። ግን አልተወውም።

ኅዳር 2
አዋላጇን ምሳ ሰዓቷ ላይ ጠብቄ አገኘኋት። ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋሁት። አልጮህኩም፤ ስናደድ ድምፄ ይቀንሳል፣ ተማሪዎቼ ያውቁታል። መጀመሪያ ካደች። ከዚያ ተቀመጠች። ያን ቀን ለአሥራ አራት እናት ብቻዋን ነበረች። ፈረቃ ሲቀየር ባዶ ወረቀት ከተገኘ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባቸዋል። ስለዚህ ሁሉም ሊወጣ ሲል ቁጭ ብሎ ይሞላል።

"ባዳምጠውም ከጉዳቱ ላይተርፍ ይችል ነበር" አለችኝ።

"ይችል ነበር። ግን አላዳመጥሽም። ያልሠራሽውን ለምን ባዶ አልተውሽውም?"

አለቀሰች። ትንሽ አዘንኩላት፣ ማዘኔም አናደደኝ። ይሄንኑ ጻፊልኝ አልኳት። ያባርሩኛል አለች። ልጄ መቀመጥ አይችልም ብያት ወጣሁ።

ኅዳር 9
ከአዋላጇ ድምፅ የለም። ፈሪ!

...እኔስ ብሆን እጽፍ ነበር?

ኅዳር 17
ከክፍል ስወጣ አዋላጇ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማለች። የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። አንዱን ቅጂ ለአለቃዋ አስገብታ ነው የመጣችው። "ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የልብ ምት አልተደመጠም። ቁጥሮቹን ፈረቃዬ ሲያልቅ ሞላኋቸው። እናትየው ደጋግማ ተጣርታለች። አልተባበረችም ያልኩት ውሸት ነው።" ፊርማ።

ለአማቴ አነበብኩላቸው። ድገሚው አሉ፣ ደገምኩት። ይቅርታ ከእሳቸው አፍ አይወጣም፣ አልጠበቅኩም። "እግሩን የምታፍታቺለት እንዴት ነበር?" አሉኝ። አሳየኋቸው፤ ከዳሌው ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ። እግሩን ተቀብለው ጀመሩ። ባለቤቴ አጠገባቸው ተንበርክኮ "ሻለቃ፣ አሳርፍ" አለው። ግራ እግሩ ትንሽ ላላ።

ንዴቴ አልወጣልኝም። ነገ የአለቃዋ ቢሮ እሄዳለሁ። ለአሥራ አራት እናት አንድ ሰው የመደበው ማን ነው?

አሁን ይሄን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ጥቅምት 13። "ጥፋቱ የኔ ነው።" ከቦርሳዬ ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁና ኤክስ አደረግኩበት።