የእማማ ፈንታዬ መደገፊያ እንዴት እንደተጠመዘዘ

ውድ ካሴ፣

ደህንነትህን ከእናትህ ስለሰማሁ አልጠይቅህም። ይህን የምጽፍልህ እኔ ወንዴ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ቁጭ ብለህ እመን። አንተ እስራኤል ስትገባ እኔ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርም፤ ዛሬ የማታ ትምህርት ከጨረስነው ሁሉ እንደኔ የሚያነብ የለም። አስተማሪያችን ሰብለ ወንጌል ግን «ወንዴ፣ ጉራህን ቀንስና አራት ነጥብ ጨምር» ትለኛለች። ነጥቡን እጨምራለሁ። ጉራውን እናያለን።

ግን ደክሞኛል። ለምን እንደደከመኝ ልንገርህ።

እናትህ እማማ ፈንታዬ ወደ አንተ የመግቢያ ፈቃድ እየጠበቁ እዚህ ፀዳ የተከራዩት ክፍል ፎቅ ላይ መሆኑን ታውቃለህ። ደረጃው ከውጭ ነው፣ ግድግዳውን እየዞረ የሚወጣ። ዓይናቸው ከፈዘዘ ወዲህ የሚወርዱት በእጃቸው ነው፤ መዳፋቸውን መደገፊያው ብረት ላይ ያሳርፉና ብረቱ ወደሄደበት ይሄዳሉ። ያ ብረት ዝጎ እጃቸውን ቆረጣቸው። እኔም «እማማ፣ ለእርስዎማ ጎንደር አይታ የማታውቀውን ነው የምሠራ» ብዬ አሮጌውን ነቅዬ ለቁራሌው ሰጠሁት። አዲሱን ሳልሠራ።

ከዚያ ወዲያ አልወረዱም። ቅዳሜ ወደ ጸሎቱ ቤት በጀርባዬ ላድርስዎ ብላቸው፣ «ምነው፣ በሰንበት ጭነት ተፈቀደ እንዴ?» አሉኝ። አስቀውኝ ሲያበቁ በሩን ዘጉ።

መሥራቱማ ምን ይቸግረኛል ብዬ ነበር። በተውኽልኝ ላፕቶፕ፣ ምልክቱን እያየሁ እንድነካ እንዳስተማርኸኝ፣ ደረጃውን እየተከተለ የሚዞር አንድ መስመር ሳልሁ። ታች ጫፉ ላይ የመደገፊያውን ቅርጽ አስቀመጥሁ፤ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ሰማይ፣ መዳፍ እንዲያርፍበት። ከዚያ «ይህን ቅርጽ በዚህ መስመር ጎትተው» አልሁት። ጎተተው። ታቹ ሸጋ ነው። መሀሉ ዘመም አለ። ላይ ሲደርስ ጠፍጣፋው ጎን ወደ ግድግዳው ዞሮ ለመዳፍ የቀረው ጠርዙ ሆነ። እኔ ደግሞ «ማሳያው ነው የሚያሳስተኝ፣ ብረት ሲሆን ይስተካከላል» ብዬ አዘዞ ላለው ለባምላክ ላክሁለት። ባምላክ ማጠፊያ ማሽን አለው፤ የተሳለለትን ያጥፋል።

የተሳለለትን አጠፈ።

እናትህ በራቸው ላይ ቆመው መዳፋቸውን አሳረፉበትና ወዲያው አነሱት።

«ወንዴ፣ ይሄ መደገፊያ ነው እባብ?»

«ዘመናዊ ነው እማማ።»

«እንግዲያ ለዘመናዊ ሰው ስጠው። እኔ እቀመጣለሁ።»

እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ያንተን ስም አልጠሩም፤ ባይጠሩትም ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርሁት የለም። መስመሩ ላይ ነጥብ በዝቶ ይሆናል ብዬ አሳሳሁት፤ ተጠመዘዘ። መስመሩን ለሁለት ቆርጬ ለየብቻ ጎተትሁት፤ ሁለቱ ሲገናኙ እንደተኳረፉ ጎረቤቶች ፊት ተነሳሱ። ታች ያለውን ቅርጽ አስቀድሜ ወደ ተቃራኒው ባዞረው ላዩ ቀንቶ ታቹ ተበላሸ። ባምላክ «በተጠመዘዘበት ልክ መልሰህ ጠምዝዘው» አለኝ። መልሼ ጠመዘዝሁት። ሁለቱ ጫፎች ቀኑ፣ መሀሉ አጋደለ። ወገቤም ዓይኔም አለቀ። አንተ ብትኖር ሰድቤህ ይወጣልኝ ነበር።

አንድ ቀን ከባምላክ ጋር ሰፊ ላሜራ ይዘን ያንኑ ደረጃ ስንወጣ፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ መታጠፊያው ላይ ላሜራው አጋደለብን። ሳላስበው «በገደሉ በኩል ያለህ፣ ከፍ አድርግ!» ብዬ ጮኽሁ። የመንደራችን የአያ ስማቸው ጩኸት ነው።

ታስታውሳለህ፣ አባትህ የታመሙ ጊዜ ከመንደር እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ ስናወርዳቸው? ፊትና ኋላ የያዙት መንገዱን ብቻ ነበር የሚከተሉ። መንገዱ በዞረ ቁጥር ቃሬዛው ያጋድላል፤ አባትህም «በሽታው የተወኝን እናንተ ልትጨርሱኝ ነው» ይላሉ። ያኔ ነው አያ ስማቸው እኔን ከጎን አስገብተው፣ «አንተ መንገዱን ተወው፤ ይህን ጎን ከወዲያኛው እኩል አድርገህ ያዝ፣ ሌላ ሥራ የለህም» ያሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላጋደለም።

ኮምፒውተሩም ለካ ፊትና ኋላ ብቻ የያዘ ሸካሚ ነው። መንገዱን ሰጠሁት እንጂ ላዩ የቱ እንደሆነ አልነገርሁትም። መንገዱ እየወጣ ሲዞር ቅርጹም አብሮ ይንከባለላል። ላሜራውን ባምላክ ላይ ጥዬለት ሮጥሁ። ከመጀመሪያው መስመር ጎን፣ በግድግዳው በኩል፣ ሁለተኛ መስመር ሳልሁ፤ በየደረሰበት ከመጀመሪያው እኩል ከፍታ ላይ። «የቅርጹ አንድ ጠርዝ ይህን እንዳይለቅ» አልሁት። ጎተተው። ከታች እስከ ላይ ሰማይ ሰማይ እያየ ወጣ። ፎከርሁ። ባምላክ ጆሮውን ይዞ ወጣ፤ ተመልሶ ግን አጠፈልኝ።

ብረቱን በይደን ስንጨርስ እናትህ መዳፋቸውን አሳረፉ። እንዳይወድቁ ብዬ ከፊታቸው ወደ ኋላዬ ስወርድ፣ «ዘወር በልልኝ፤ ብወድቅ ድንጋዩ ይሻለኛል፣ አንተ አጥንት ብቻ ነህ» አሉኝ። ወረዱ። እስከ ውጭው በር ሄዱ። ተመልሰው ወጡ፣ ደግሞ ወረዱ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ለካሴ ትጽፍለታለህ አሉ።»

«እጽፋለሁ እማማ። በገዛ እጄ።»

«እናትህ መውረድ አልቻለችም በለው።»

«አሁን የወረዱት ማን ናቸው ታዲያ?»

«ከቻለችማ ትቆይ ይላሉ፣ ፈቃድ ሰጪዎቹ። ማን ይቸኩልልኛል?»

«ፊደል የቆጠርሁት ልዋሽበት ነው እማማ?»

ብረቱን በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ዳሰሱት።

«እንግዲያ ደክሟታል በለው። ይሄ ውሸት አይደለም።»

መደገፊያው ከጎንደር አንደኛ ነው። እስክትወስዳቸው ድረስ እንዳይዝግ ቀለም እየቀባሁ እጠብቀዋለሁ። እናትህ በደንብ ይወርዳሉ፣ በደንብም ይወጣሉ። ግን ደክሟቸዋል፣ ካሴ።

ወንዴ ነኝ፣ ከፀዳ