ወገኑ የተቀየረው እንጉዳይ

ይድረስ ለእትዬ፤

ያ ከዝናብ በኋላ ከአጥሩ ሥር ብቅ የሚለው፣ ሲረግጡት ቡን ብሎ ቡናማ ጢስ የሚተፋው ነጭ ኳስ ምንድን ነው ብለው ጠይቀው ያውቃሉ? መቼም ሳይጠይቁ አልቀሩም። እኔማ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ስጠይቅ ኖሬ፣ ይኸው አሁን መልሱን እንድፈልግ ተቀጥሬያለሁ።

ውይ፣ ሰላምታ ሳላቀርብ ወሬ ጀመርኩ! ልማዴን ያውቁታል። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያዝ ያደርግዎታል? የጓሮው በር ማጠፊያ ተሠራ ወይስ እስካሁን በድንጋይ ነው የሚደገፈው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። የተከራየሁት ክፍል መስኮቱ ወደ ብየዳ ቤት ነው የሚከፈተው። ጠዋት ጠዋት በያጁ ሥራ ሲጀምር ግድግዳዬ ሰማያዊ እየሆነ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የማንቂያ ደወል አላስፈለገኝም።

የምሠራበት ቦታ የደረቁ ናሙናዎች የሚቀመጡበት ትልቅ ክፍል ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የብረት መሳቢያ፣ በየመሳቢያው የካርቶን ሳጥን፣ በየሳጥኑ የወረቀት ፖስታ፣ በየፖስታው የደረቀ እንጉዳይ። ኃላፊያችን ያገኙትን ወረቀት ሁሉ፣ የስብሰባ ጥሪም ቢሆን፣ አጥፈው የናሙና መያዣ ስለሚያደርጉት «ጋሽ ፖስታ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊታቸው ግን ማንም ደፍሮ አይልም። የመጀመሪያ ቀን ገና ወንበር ሳልስብ፣ «በፌስታል ናሙና ይዘሽ እንዳላይ! ይበሰብሳል። በወረቀት ነው!» አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። ምን ያስቃታል ብለው ሳይሆን አይቀርም ቀና ብለው አዩኝ። ለምን እንደሳቅኩ ኋላ ላይ እነግርዎታለሁ።

የተሰጠኝ ሥራ የአንድ መሳቢያ ምልክት ወረቀት መቀየር ነው። በእኛ ሙያ የቅርብ ዘመዳም የሆኑ ዝርያዎች በአንድ የጋራ ስም ይሰበሰባሉ፤ ያንን ስብስብ «ወገን» እንለዋለን። መሳቢያዬ ውስጥ ያሉት ጢስ ተፊዎች የወገናቸው ስም ሃንድኬያ ነበር። በዱቄታቸው መሀል እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር አለ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የሌሎቹ ክር ክብ ክብ ቀዳዳ አለው፤ የእነዚህ ግን ስንጥቅ ስንጥቅ ነው። በዚህች ስንጥቅ የተነሣ አንድ ተመራማሪ «እነዚህስ ለብቻቸው ናቸው» ብሎ የራሳቸውን ወገን አወጣላቸው። ከዓመታት በኋላ ዘረመላቸው ሲመረመር ግን ሊኮፐርደን ከሚባለው ወገን መሀል ቁጭ ብለው ተገኙ። ስንጥቋ ውሸት አይደለችም፤ እኔም በዓይኔ አይቻታለሁ። ዝምድናን ለመቁረጥ ግን አልበቃችም።

ሊኮፐርደን ምን ማለት መሰለዎት? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ «የተኩላ ፈስ» ማለት ነው። ጋሽ ፖስታ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው ላይ አንዲት መስመር አልተነቃነቀችም። «ሳቂ፣ ሳቂ» አሉኝ፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ስቄ ጨርሻለሁ።» አብራኝ የተመረቀችው ጓደኛዬ ደግሞ ከሰማች ወዲህ በደወለች ቁጥር «እሺ፣ ዛሬስ የስንቱን ፈስ ስም አወጣሽለት?» ትለኛለች። የእኛ ሰው «የጅብ ጥላ» ብሎ ማለፉ ምንኛ ጨዋነት ነው!

እኔን ያውቁኛል፤ ሥራ ሲሰጠኝ እግሬ መሬት አይነካም። በአንድ ጠዋት የአሥራ አንድ ሳጥን አሮጌ ምልክት ወረቀት ልጬ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩና በቦታቸው አዲሱን ስም ለጠፍኩ። ጋሽ ፖስታ መጡ፣ አዩ፣ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» አሉኝ። «አሮጌው ስም እኮ አይነሣም። አዲሱ ከጎኑ ነው የሚለጠፈው። ያንን የጻፈው ሰው ያየውን ነው የጻፈው፤ አንቺም ያየሽውን ትጽፊያለሽ። አንዱ ሌላውን አይገፋውም።»

ሁለታችን ተንበርክከን ቅርጫቱን ዘረገፍነው። አሥሩን አገኘን። አሥራ አንደኛዋ የፅዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ላይ ተለጥፋ ኮሪደሩን ስትዞር ውላለች። ሴትዮዋ ስትሰጠን፣ «እኔ ደግሞ ሽልማት የለጠፋችሁልኝ መስሎኝ ነበር» አለች።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ወሬ ለማብዛት ብቻ አይደለም፣ እትዬ። ባለፈው እሑድ አክስቴ ደውላ ነበር። ዕቃዎን እየሸከፉ መሆኑን፣ ወሩ ሲያልቅም ወንድምዎ ዘንድ ጠቅልለው ሊሄዱ መሆኑን ነገረችኝ። «እሱ ከሌለ እኔ እዚህ ቤት ምን ወገን አለኝ? ልጅቱም አድጋለች፤ ቤቱ የሷ ነው» ብለዋል አለችኝ። ከዚያም የራሷን ጨመረችበት፦ «እውነቷን እኮ ነው። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ምንሽ ናት?» «አይሰማም፣ አይሰማም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት። ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

በማግስቱ ደግሞ የሰው ኃይል ቢሮዋ ልጅ ቅጽ ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። የሙከራ ጊዜዬ አልቆ ቋሚ ሠራተኛ ልሆን ነው! (ይህን በደንብ አሳምሬ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ አመለጠኝ።) ቅጹ ላይ «በድንገተኛ ጊዜ የሚጠራ ሰው» ይላል። የእርስዎን ስምና ስልክ እጄ ሳያስብ ጻፈው። ቀጥሎ «ዝምድና» ይላል። እሱን ባዶ ተውኩት።

«ባዶ አልቀበልም» አለችኝ። «ጎረቤት ናት?»

አይደለችም አልኳት።

«አከራይ?»

እሷም አይደለችም።

«ታዲያ ምንሽ ናት እቴ? ብትወድቂ ደውዬ የምጠራት እኔ ነኝ። ማን ብዬ ልጥራት?» እስከ ዓርብ አስቤ እንዳመጣላት ፈቀደችልኝ።

አስቤ አስቤ ራሴን ያገኘሁት እዚያው ጓሮ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። እርስዎ አባባን አግብተው ቤታችን በገቡ በሦስተኛው ሳምንት ልብስ እያጠቡ ነበር። ከአጥሩ ሥር የነቀልኩትን የጢስ ኳስ ከኪሴ አውጥቼ «እስቲ ያሽትቱት» አልኩዎት። ጎንበስ ሲሉ ፊትዎ ላይ ጨመቅኩት። አምልጦኝ አልነበረም። የሠፈር ልጆች ዱቄቱ ዓይን ያጠፋል ብለውኝ ነበር፤ ያጠፋል ብዬ ነው ያደረግኩት። (አያጠፋም። ብዙ ከሳቡት ግን ሳንባ ያስቸግራል። ይህን ያነበብኩ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።)

ዓይንዎ ሦስት ቀን ቀልቶ አብጦ ሰነበተ። አባባ ምን ነካሽ ሲልዎ «ቁም ሳጥኑን ስጠርግ አቧራ ገባብኝ» አሉት። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። አላወቁብኝም ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ዩኒፎርሜን ሳነሣው ግን ያ ዱቄት የሞላበት ኪስ ታጥቧል፣ የተቀደደውም ተሰፍቷል፤ ውስጡም የታጠፈ የስኳር ወረቀት ነበረበት። «ሌላ ጊዜ ስትለቅሚ በዚህ አድርጊው። ኪስ ያበላሻል፤ በፌስታል ደግሞ ይበሰብሳል» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። እስከ ዛሬም አላሉም። ጋሽ ፖስታ ፊት ለምን እንደሳቅኩ አሁን ገባዎት?

የወለደችኝ ካረፈች ያን ጊዜ ሁለት ዓመት አልሞላም ነበር። አባባ «አንቺ በያት» ሲለኝ እኔ «እርስዎ» ብዬ ድርቅ አልኩ። እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» እያለ ጉንጬን ይነካካኝ ነበር። ጨዋነት አልነበረም፤ አጥር ነበር። እርስዎም ያውቁ ነበር፤ አንድ ቀንም «ለምን?» ብለው አልጠየቁኝም። አጥሩን ካነሣሁት የዚያች የወለደችኝ ስም አብሮ የሚላጥ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ምልክት ወረቀት እንዴት እንደሚለጠፍ ተምሬያለሁ።

እባክዎ አይሂዱ። ዝናቡ ሊጀምር ነው። ከአጥሩ ሥር አንዱ ብቅ ሲል ነጭ ሳለ አይንኩት፤ እስኪደርቅና ቡናማ እስኪሆን ይጠብቁት። ከዚያ በወረቀት ጠቅልለው ይዘውልኝ ይምጡ። ፖስታ ቤት አይስጡት፤ ራስዎ ይምጡ። አልጋዬን ለእርስዎ እለቃለሁ፤ በያጁን ግን ዝም ማሰኘት አልችልም። ክሩን አብረን እናየዋለን። ክብ ቀዳዳ ይኑረው ስንጥቅ አላውቅም፤ እዚህ ካሉት መሳቢያዎች በአንዱም ከእኛ ጓሮ የመጣ ናሙና የለም። ፖስታው ላይ «ሰብሳቢ» በሚለው መስመር የእርስዎ ስም ይጻፋል፤ አንዴ ከተጻፈ ደግሞ፣ ከአሁን በኋላ እኔም ብሆን፣ ማንም አይልጠውም። ከዚያ አብረን ወደ ቤት ተመልሰን የበሩን ማጠፊያ እናሠራለን። ለአክስቴ እኔው እደውልላታለሁ፤ በዚያን ቀን መስመሩ ደህና ይሠራል።

ዛሬ ዓርብ ነው። ቅጹን ጠዋት ሞልቼ አስገባሁ። ልጅቱ አነበበችና «ይኼን ለመጻፍ ነው አራት ቀን የፈጀብሽ?» አለችኝ። ባዶ ቦታው ጠባብ ነው፤ ከሦስት ፊደል በላይ አይዝም። እኔም ሦስት ፊደል ብቻ ነው የጻፍኩት። ድፍረት ከመሰለዎት ይቆጡኝ።

ተቆጪኝ። ግን መጀመሪያ የሸከፍሽውን ዕቃ ፍቺና ከዚያ ተቆጪኝ። ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ። ወሩ ሳያልቅ ጻፊልኝ፤ አንድ መስመርም ትበቃኛለች።

ልጅሽ