ጸጥታ ስለሰጡን

ለተከበሩ አቶ ኦስሞ ቪርታሳሎ፣ የሃርማላምፒ ማዘጋጃ ቤት የመናፈሻና የደን ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ጆሮዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጆሮ በእርስዎ ክፍል ምን ያህል የተከበረ እንደሆነ በዚህ በጋ ተረድተናልና። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአደባባይ ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ ከሐይቁ ዳር ደን ውስጥ የዲስክ ጎልፍ ቅርጫቶቹን ስላስነቀሉልን አመሰግናለሁ። ማስታወቂያዎ እንደሚለው፣ የተወረወረው ሳህን መሰል ዲስክ ቅርጫቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሰንሰለት ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ፣ ለበጋ ዕረፍት ብቻ የሚመጡትን፣ በሐይቁ ዳር የተሠሩትን የአዲሶቹን ቤቶች ባለቤቶች ሰላም ይነሳል። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የምንኖረው እኛ ይህን ሳናስብ መቅረታችን ያሳፍራል።

ሁለተኛ፣ ባለቤቴን ታውኖን ስላሳረፉልኝ አመሰግናለሁ። ታውኖ ዕድሜውን በወረቀት ፋብሪካው የጨረሰ ሰው ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ መስኮት ሥር ተቀመጠ፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ሳናግረው "እህ" ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ከዚያ ጎረቤታችን ኦርቮኪ፣ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሳታንኳኳ ገባች።

"አንተ ታውኖ! ካልጠበቅኩት መስኮቱን ይሰርቁታል ብለህ ነው? ተነስና ጫማህን አጥልቅ፤ ጎልፍ ልንጫወት ነው።"

"ጎልፍ? እኔን ሀብታም ያደረገኝ ማነው?"

"ይሄ የኛ ቢጤ ጎልፍ ነው። ደኑ በነፃ፣ ዲስኩ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ። ያለኝን አበድርሃለሁ፤ ሐይቅ ውስጥ ከጣልከው ግን አንተው ዋኝተህ ታወጣለህ!"

ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን በዲስኩ ጥዱን ሁሉ ሲደበድብ ነው የዋለው አሉ። አንድ ቀን ግን ጫማውን ሳያወልቅ ወጥ ቤት ገብቶ "ሄልቪ፣ ገባልኝ! ቅጭል አለ እኮ! ከዚያ ማዶ ወርውሬው፣ ቅጭል!" አለኝ። የዓሣው ሾርባ እስኪቀዘቅዝ ስለዚያች ውርወራ ሲያወራ እኔ ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ፤ እንባዬን እንዳያይ። ከዚያ ወዲህ የፋብሪካ ጓደኞቹም እዚያ ተሰባሰቡ። በረዶ ሲወርድ ዲስኩ እንዳይጠፋ ቀይ ጥብጣብ ለጥፈውበት ይወረውሩ ነበር። እንፋሎት ሊታጠቡ ሳውና ገብተው ሲሳሳቁ ከግቢ ውጪ ይሰማ ነበርና፣ እርስዎን ሳይረብሽዎ አልቀረም።

ሦስተኛ፣ ማስታወቂያውን አይተን አቤት ልንል ቢሮዎ በመጣን ጊዜ ላሳዩን ትዕግሥት። "የአዲሶቹ ቤቶች ሰዎች ቅሬታ አቅርበዋል፤ እናንተ ለምን ዝም አላችሁ?" ብለው ጠየቁን። ታውኖ ቆቡን በእጁ እያሻሸ "እኛ ምን ቅሬታ ነበረን?" አለዎት። እርስዎም ወደ ጎረቤት ከተማ ሄደን እንድንጫወት በደግነት መከሩን። ወደዚያ የሚሄደውን አውቶቡስ ማዘጋጃ ቤትዎ ማስቀረቱን ላስታውስዎ ድፍረቱ አልነበረኝም።

አራተኛ፣ ቅርጫቶቹ የሚነቀሉበትን ቀን ስላልነገሩን። ታውኖ እንደወትሮው ቦርሳውን አንግቶ ወጣ። ወዲያው ተመለሰ፤ ዝናብ አብስብሶታል። "ነቅለውታል" አለኝና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ኦርቮኪ ያኔም አልተወችውም።

"ተነስ እንጂ! ዛፎቹን አልነቀሉ፤ ዛፍ ላይ እንወረውራለን።"

"ዛፍ ቅጭል አይልም፣ ኦርቮኪ" አላት። ዲስኮቹንም ከነቦርሳው ሰጣት። ያቺ ምላሰኛ ሴት ቦርሳውን አቅፋ ወጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ በሐይቁ ዳር ዕረፍት ሆኗል፤ በቤቴም እንዲሁ። ሥራዎ ፍጹም ስለሆነ የሚጨመርበት የለውም።

ስለ ደግነትዎ ቃል ያነሳት፣ እጅ የምትነሳዎ ነዋሪዎ፣
ሄልቪ ኩርኬላ

ማሳሰቢያ፦ ማዘጋጃ ቤትዎ "ብቸኝነት በአረጋውያን ጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት" በሚል ርዕስ ላዘጋጀው ንግግር የላኩልን የጥሪ ካርድ ደርሶናል። ታውኖ አይመጣም። እኔ መጥቼ ከፊት እቀመጣለሁ፤ ካርዱ ለሁለት ሰው ነውና አጠገቤ ያለውን ወንበር እንዳያነሱት። ንግግሩ ለዚያ ባዶ ወንበር ይደረግለት።