ኮሪን የሮይስን ምላስ አይታ ነበር

ለወንድሜ ለዳረል፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤናህ ተሟልቶ፣ ቤትህም ሞቆ ያግኝህ። እንደምን ከረምክ? ያ የተሰበረ ትከሻህ በብርዱ ይጠዘጥዝህ ይሆን? ጆሊንስ እንዴት ናት? ልጆቹስ አደጉልህ? እናንተ ዘንድ ኮዲያክ ላይ ማዕበሉ ዘንድሮ እንደበረታ በሬዲዮ ስሰማ፣ ይሄኔ ዳረል መርከቧ ላይ ይሆን እያልኩ ከረምኩ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሱቁም አለ። ሰው ቢሞትም ባይሞትም ገመድና ቦቲ ጫማ ያልቃል፣ መግዛቱም አይቀርም።

በወንድማችን በሮይስ ቀብር ሰሞን ስትደውል መስመሩ እየተቆራረጠ ብዙ ሳንነጋገር ቀረን። አንድ ነገር ግን አጥርቼ ሰምቻለሁ። "የሰው አፍ ስታይ የምትውል ልጅ የገዛ አጎቷን አፍ እንዴት ሳታይ ቀረች?" አልከኝ። እኔም "መስመሩ አይሰማም" ብዬ ዘጋሁት። ይሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ ይህን ደብዳቤ ስጀምርና ስተው ቆየሁ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ሱቁ ዝግ ነው፣ ሳልጨርስ አልነሣም።

መልሱ አጭር ነው። ልጅህ አይታለች።

ኮሪን በትልቁ ከተማ በአንድ የጥርስ ሐኪም ሥር ስምንት ዓመት የሰው ጥርስ ስታጸዳ ኖራ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት በራሷ የሥራ ፈቃድ ለብቻዋ ልትሠራ እንደመጣች ታውቃለህ። የቀለም ጣሳና የአሮጌ መረብ ማስቀመጫ የነበረውን የሱቁን ጓዳ ለቀቅኩላት። ግድግዳውን ራሷ ነጭ ቀባችው። ወንበሩን ሮይስ ተሸክሞ አስገባላት። ከበላይዋ ሐኪም የለም። ከዚህ እስከ ቅርቡ የጥርስ ሐኪም በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ስለዚህ እሷ ከመምጣቷ በፊት በዚህ ወደብ ጥርሱን የሚያስጸዳ አልነበረም፣ ሲብስበት የሚያስነቅል ነበር እንጂ። ሽማግሌው ዌንደል "ከቬርና ዘንድ ምስማር ልገዛ ገብቼ ጥርሴን ታጥቤ ወጣሁ፤ ሚስቴ በራፍ ላይ ማነው ብላ ከለከለችኝ" እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለሱቁም ጠቅሞታል። ተራ የሚጠብቅ ሰው እጁን አጣምሮ አይቆምም፤ ጓንት ያያል፣ ገመድ ይለካል።

ሕጉ ግን ልጓም አበጅቶባታል። ታጸዳለች፣ ጥርስ እንዳይበላ መድኃኒት ትቀባለች፣ ያየችውን ለሐኪም ትጽፋለች፤ በሽታውን በስሙ መጥራት ግን አይፈቀድላትም። ማንም ሰው ወንበሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት "እዚህ የሚደረግልኝ የሐኪም ምርመራ አይደለም" የሚል ወረቀት ይፈርማል። ሮይስ በየስድስት ወሩ ሲፈርም ያሾፍባት ነበር። "ከጉሮሮሽ የዓሣ አጥንት ያወጣሁልሽ ሰው፣ ዛሬ አፌን ልታዪ ታስፈርሚኛለሽ?" ይላታል። እሷም "አጎቴ፣ ፈርምና አፍህን ክፈት። መክፈቱ እንኳ ለአንተ አይከብድህም" ትለዋለች። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እየሰማሁ እስቅ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ምላሱን በጎዝ ይዛ ወደ ጎን ስትስበው፣ ከሥሩ በኩል ነጭና ቀይ የተደባለቀበት፣ ሲነኩት ጠጠር የሚል ቁስል አየች። መቼ እንደጀመረው ጠየቀችው። "ከበረዶው መቅለጥ ወዲህ ነው፤ ጥርሴ ሳይነክሰው አልቀረም" አላት። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ሰምቻለሁ። "አጎቴ፣ ምን እንደሆነ መናገር ለእኔ አልተፈቀደልኝም። ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሁለት ወር አላልኩህም፣ ሁለት ሳምንት ነው ያልኩህ።" ድምፅዋ የወትሮው ድምፅ አልነበረም። ሮይስም ለአንድ ጊዜ ቀልድ አጣ።

የሪፈር ወረቀት ጻፈችለት። ቅርብ ያለው ክሊኒክ "ያለን ቀጠሮ ኅዳር ነው" አላት። በቀጥታ ወደ አፍ ቀዶ ሐኪም ስትደውል "የጥርስ ሐኪም ካልላከው አንቀበልም፣ የአንቺ ወረቀት አይበቃም" አሏት። ሁለት ቀን ከስልክ ሳትላቀቅ ውላ፣ በመጨረሻ ሦስት ሰዓት ተኩል የሚያስነዳ ቦታ አንድ ሰው የሰረዘውን ቀጠሮ ለመነች፣ ሰጧት። መስከረም ስድስት፣ ሐሙስ ጠዋት።

ማክሰኞ ዕለት ሮይስ ለሎብስተር ወጥመዶቹ ማባበያ የሚሆን ሄሪንግ ዓሣ ሊጭን ወደ እኔ መጣ። ያን ሰሞን ሎብስተሩ እንዴት እንደነበር ሰምተህ ይሆናል። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲህ ያለ መስከረም አላየንም፤ ወጥመዱ ሁሉ ጢም ብሎ ይወጣ ነበር። በርሜሉን እያንከባለለ "ቬርና፣ ይቺ ልጅ ሐሙስ ሂድ እያለችኝ ነው። ቀኑን ላቃጥለው ወይስ?" አለኝ። ሮይስ በዕድሜው ሙሉ ምክር ሲጠይቀኝ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ቢሆን ነው። እኔም ከሚዛኑ ቀና ሳልል "እሷው ሐኪም አይደለሁም ብላ አስፈርማህ የለ። ወቅቱ ይለፍ፣ ኅዳር ላይ እዚህ ቅርብ ትታያለህ" አልኩት። "እኔም ያሰብኩት እንደዚያው ነው" አለና ጭኖ ሄደ።

የዕለት ማስታወሻ እንደምይዝ ታውቃለህ። ነጋዴ ነኝ፤ ነፋሱን፣ የገባውንና የወጣውን፣ ማን ምን እንዳለ ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። የዚያን ቀን ገጽ ይኸውልህ፤ "ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ። ሄሪንግ አሥራ አራት በርሜል። ሮይስ ስለ ምላሱ ጠየቀኝ። ወቅቱ ይለፍ አልኩት።"

ኮሪን አለመሄዱን ስታውቅ ጀልባ ማራገፊያው ድረስ ወርዳ በሰው ፊት ጮኸችበት። እሱ ሳቀባት። "ሐኪም ስትሆኚ ያን ጊዜ ትቆጪኛለሽ" አላት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ከዚያ በኋላም አንድ ሳምንት ሳታሳልፍ ትነዘንዘው ነበር፤ እሱም በየሳምንቱ "ኅዳር" ይላታል።

ኅዳር ላይ ሐኪሙ ምላሱን ገልጦ አየና ወዲያው ወንበሩን ቀና አደረገው። ካንሰሩ ወደ አንገቱ ወርዶ ነበር። ቀዶ ጥገናው የምላሱን እኩሌታ ወሰደ። ሮይስ፣ ያ ሳያወራ የማይውል ሰው፣ የቀረውን ዕድሜ በእርሳስ እየጻፈ ነው ያነጋገረን። ከጻፋቸው መካከል "ሾርባው ጨው የለውም" እና "ጀልባዋን ቀለም ቀቧት" የሚሉት እኔ ዘንድ አሉ። ቁስሉ ሳይጠግግ ሳንባው ተያዘ፣ በጥር አረፈ። ሐኪሙን ለብቻው አግኝቼ "መስከረም ላይ መጥቶ ቢሆንስ?" ብዬ ጠየቅኩት። "እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም" አለኝና ቀጥሎ "ግን አንገቱ ጋ ሳይደርስ እናገኘው ነበር ብዬ አምናለሁ" አለ።

ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ጀልባ ወጥቶ የሮይስን ወጥመዶች በአንድ ጠዋት አንሥቶ ግቢው ውስጥ ደረደረለት። በዚህ ወደብ የሰው ወጥመድ የነካ ሰው ገመዱ እንደሚቆረጥ ታውቃለህ፤ ለታመመ ሰው ሲሆን ግን "ታሟል" የሚል አንድ ቃል ይበቃል፣ ሁሉም ወጥቶ ይሠራለታል። ሮይስ ያችን ቃል ከሚተነፍስ ቢሞት ይመርጣል። ከእኔ አፍ ብትወጣ ግን ማንም ምንም አይልም ነበር። ዌንደል የመጨረሻውን ወጥመድ ሲያወርድ ወደ እኔ ዞሮ "ለሐሙሷ ቀን ለምን አልነገርሽንም፣ ቬርና? አንድ ቀን ምን አላት?" አለኝ።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። አንተ በስልክ ያን ጥያቄ ስትጠይቀኝ ኮሪን ከአጠገቤ ሳህን እያጠበች ነበር። ድምፅህ ከልጅነትህ ጀምሮ ቤት ይሞላል። ሳህኑን አድርቃ አስቀመጠችውና ወጣች። በማግስቱ ታፔላዋን አወረደች፣ ቀጠሮ የያዙትን ሁሉ እየደወለች ሰረዘች። "ስሙን መጥራት ነበረብኝ" ትል ጀመር። "ፈቃዴን ይውሰዱት፣ ካንሰር ሳይሆን አይቀርም ብየው ቢሆን ይሄድ ነበር። አባቴም ያለው እውነት ነው፤ አይቶ ዝም ማለት ካለማየት በምን ይሻላል?" ትላለች። እኔ ጀርባዋን እየደባበስኩ "ያንቺ ጥፋት አይደለም" እላታለሁ። የማን እንደሆነ ግን አልነገርኳትም።

የካቲት ላይ በዋናው ከተማ ሕግ አውጪዎቹ ስለ እነኮሪን ሙያ አዲስ ረቂቅ ለመስማት ተሰበሰቡ። ረቂቁ እንደ እሷ ለብቻቸው የሚሠሩት የጠረጠሩትን በስሙ ጠርተው እንዲነግሩ፣ ራጅ እንዲያነሡ፣ ሪፈራቸውም በቀጥታ ቀዶ ሐኪም ዘንድ እንዲደርስ የሚፈቅድ ነው። የሙያ ጓደኞቿ ስለለመኗት ሄደች፤ ልትሰማ እንጂ ልትናገር አልነበረም። እኔ ነዳሁላት። አንድ ሸበቶ የጥርስ ሐኪም ተነሣ፤ ክፉ ሰው አይመስልም። "የማንንም ጉሮሮ ልዘጋ አልመጣሁም" አለ። "ግን በዚህ ክረምት በአንድ ትንሽ ወደብ፣ ሐኪም በሌለበት ክፍል ሲታይ የኖረ ሰው በምላስ ካንሰር ሞቷል። ሕዝቡ ሐኪም ያየው እየመሰለው ነው።" ስም አልጠራም። ኮሪን ግን አንገቷን ደፋች፤ አጠገቧ የነበሩት ሴቶችም ወደ እሷ ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

ሄጄ ስሜን አስመዘገብኩ። ሦስት ደቂቃ ሰጡኝ። ማስታወሻዬን ከቤት ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር፤ ለምን እንደያዝኩት ለራሴ እንኳ አልነገርኩም። "የሞተው ወንድሜ ነው። ያየችው ልጅ ያቺ ናት። አይታለች፣ ነግራዋለች፣ ቀጠሮም ይዛለታለች። ያስቀረሁት እኔ ነኝ" ብዬ ገጹን አነበብኩላቸው። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "እመቤቴ፣ አዝናለሁ። ግን መዝገብ ላይ የምናሰፍረው ከሁለት አንዱን ነው፤ ረቂቁን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?" አለችኝ። "እደግፋለሁ። እሷ ስሙን መጥራት ቢፈቀድላት ኖሮ፣ እኔ ሐኪም አይደለችም የምልበት ቀዳዳ ባልኖረኝ ነበር" አልኩና ተቀመጥኩ።

ስንመለስ መንገዱ እኩሌታ ላይ ወደ መስኮቱ እያየች "ስሙን ብጠራው ኖሮ እያልኩ ሳለቅስ፣ አንቺ ሻይ እያፈላሽ ታቀርቢልኝ ነበር" አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ከዌንደል ጋር ወንበሯን የጭነት መኪና ላይ ጭነው ወሰዱት። የገበሬዎች ማኅበር የነበረውን አሮጌ አዳራሽ ተከራይታ እዚያ ከፍታለች። ሕዝቡ ወደዚያ ይሄዳል፤ እንደሰማሁት በሳምንት አራት ቀን ሙሉ ነች። ረቂቁ ገና ከኮሚቴው ጠረጴዛ አልተነሣም። ወደ ሱቁ ግን አልመጣችም። ቁርጥ ያለ ነገር መንገር እወዳለሁና እነግርሃለሁ፤ የምትመጣም አይመስለኝም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ደውልላት። መስመሩ ጥርት የሚልበትን ጊዜ ምረጥና "ያ ጥያቄዬ ስሕተት ነበር" በላት። ይህን ብቻ በላት። እኔን ይቅር እንድትል እንዳትማልድልኝ፤ እሱ የእሷ ነው፣ በዘመድ አይጠየቅም።

ባለፈው ማክሰኞ እንደማንኛውም ሰው ስሜን አስመዝግቤ ተራ ጠብቄ ገባሁ። አስቀመጠችኝ፣ አጸዳችልኝ፣ ስለ አየሩ እንኳ አላነሣችም። ከዚያ ምላሴን በጎዝ ይዛ ወደ ግራ ሳበችው፣ ወደ ቀኝ ሳበችው፣ ከሥሩም በጣቷ ዳሰሰችው። ከማንም ሰው ይልቅ ረጅም ጊዜ ፈጀችብኝ። ፊቷ ከፊቴ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው፤ ዓይኗን ግን ከአፌ አላነሣችም። በመጨረሻ ጓንቷን አወለቀችና "ምንም የለም" አለችኝ። ለሚቀጥለው ሰው በሩን ከፈተችለት።

ጆሊንን ሳምልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ በዚህ ክረምት ከእግሬ አልወለቀም። ኤሚት በርትቶ ይማር፣ ትንሿ ፔግም የወተት ጥርሷ ሲወልቅ በፖስታ ትላክልኝ። የጆሊንን እናት ጉልበታቸውን እንደ እኔ እንዳያቀዘቅዙት ንገራቸው። ዌንደልና ባለቤቱ ሰላም ብለውሃል። ከዚህ ቤት ግን ሰላም የምልህ እኔ ብቻ ነኝ። የኮሪንን ሰላምታ ከራሷ ስማ።

እኅትህ ቬርና
ታርቦክስ ወደብ፣ ሜይን
መጋቢት 17 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.