ዘይቱ ከታች ነበር

ጥር 9 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ጎረቤቴ ታደሰ፣ የኬሚስትሪው መምህር፣ ባለፈው ሳምንት “ጋሼ፣ ፋብሪካ ከኑግ ዘይት የሚያወጣው የቤንዚን ዘመድ በሆነ ፈሳሽ ነው፤ በአልኮል እሞክራለሁ ብለው አይድከሙ” አለኝ። ቤንዚን የምበላው ነገር ውስጥ አይገባም አልኩት። ካልሆነልኝ በሙከራ ዕቃዬ የሞላሁትን ጓዳ እንደምለቅም ባለቤቴ አበበች ፊት ማልኩ።

ዛሬ ከዋጫ ያስመጣሁትን ኑግ ወቅጬ ንጹሕ አልኮል ውስጥ ነከርኩት። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቆይቼ፣ አጥልዬ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። ዘይት መቼም ይንሳፈፋል ብዬ ከላይ በማንኪያ ቀዳሁ። አልኮል ብቻ! ደገምኩት። ያው አልኮል።

“እንግዲህ ሽንኩርቴን ወደ ጓዳው ላስገባ?” አለች አበበች እየሳቀች።

ተናድጄ ልደፋው ጠርሙሱን ሳዘነብል፣ ከታች ወፍራም ቢጫ ፈሳሽ ዝግ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ዘይት! ከውሃ ቢቀልም ከአልኮል ይከብዳል ለካ።

ታደሰን አስጠራሁት። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና “ጋሼ፣ አፌን አስያዙኝ” አለ።

“ጓዳዬስ?” አለች አበበች።

አንድ መደርደሪያ ለቀቅሁላት። ተሸንፌ አይደለም፤ ሽንኩርቱ የሚቁላላው በእኔ ዘይት ስለሆነ ነው።